የማን ልጅ ብላችሁ መጣችሁ?

እናንተዬ፣ የምትሸሹትን ሰው መድረክ ላይ አስቀምጣችሁ «እንኳን ደህና መጣህ» ብላችሁ አጨብጭባችሁለት ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌዋለሁ። ያውም ማይክሮፎን ይዤ፣ ያውም አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ያውም አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ።

ሠናይት ዘውዱ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነኝ። የከተማችን የንባብ ሳምንት ሲዘጋጅ ደራሲዎችን ከአንባቢ ጋር የሚያወያይ ሰው ተፈለገና «ከሠናይት ወዲያ ማን አለ? ምላሷ ስለት ነው» ተባለ። እኔም ሙገሳ መስሎኝ እሺ አልኩ። ከእንግዶቹ አንዱ ታምራት ሞገስ መሆኑን ያወቅሁት ስሜ ከስሙ ጎን ታትሞ በየግድግዳው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ወይ ጉዴ!

ታምራት ማን ነው ለምትሉ፣ ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ እሱም አብሮ የጠፋ ሰው ነው።

የጋፋት ገበሬ ልጅ ነው። ባሕር ዳር አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ይሠራል። የዛሬ ሁለት ዓመት የአጫጭር ልቦለዶቹን ረቂቅ ይዞ «ፊደል አርሚልኝ» ብሎ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አረምኩለት። አንድ ቦታ ላይ፣ ሰውየው ለምኗት ሴትየዋ ዝም ስትል፣ ቢቸግረኝ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይህች ሴት ለምን አትመልስለትም?» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁ ሲመለስልኝ ከሥሩ በእርሳስ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሺ ነበር?» የሚል አገኘሁ። እኔ ደግሞ መለስኩ። እሱም መለሰ። መጽሐፉ እስኪያልቅ ድረስ ከታሪኩ ይልቅ ኅዳጉ ረዘመ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሽማግሌ ልላክ?» የሚል ነበር፣ እኔም በቀይ «ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። ደፋር ነኝ፣ አውቃለሁ።

እንግዲህ አባቴን እወቋቸው። መሪጌታ ዘውዱ ይባላሉ። እኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የወንዱም የሴቷም ዘር ወደ ላይ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፣ በቃ፣ ነገሩ ያልቃል። ይህን በመቁጠር አባቴን የሚያህል የለም። ከአንበሳሜ ድረስ ሰው ይመጣላቸዋል። ወረቀት አይዙም፤ የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሞቱትን ሰዎች አንድ በአንድ ይጠራሉ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት መጡ፤ ሦስት ነበሩ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና በረንዳው ላይ ቆሙ። እኔ ከጓዳ በር ኋላ ሆኜ አደምጣለሁ።

«የማን ልጅ ብላችሁ መጣችሁ?» አሉ አባቴ፣ ወጉ እንደሚያዘው።

«የአቶ ሞገስን ልጅ።»

«የጋፋቱ ሞገስ?»

«አዎን፣ የጋፋቱ።»

የአባቴ አውራ ጣት መሄድ ጀመረ። በበሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አምስተኛው አንጓ ላይ ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡ። «የሞገስና የእኔ ቅድመ አያቶች ወንድማማቾች ናቸው። ልጆቹ አምስተኛው ላይ ይገናኛሉ። ዘመድ ነን» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሳይቀመጡ ተመለሱ። እኔ በሩ ኋላ ቆሜ ቀረሁ።

ቆይ፣ ግራ ያጋባኝ ይሄ አይደለም። እኛ አገር ፍቅር ያለው ሰው ቆጠራ ሰምቶ አይቀመጥም። ሌላ ቆጣሪ ያመጣል፣ «ያቺ አያት የእንጀራ ልጅ ናት» ይላል፣ ይሟገታል። አባቴ ፊት ስንቱ ሲጮህ አይቻለሁ! ታምራት ግን ስልኩን ዘጋ። በአራተኛው ቀን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ደብዳቤ ላከልኝ።

«ሠናይት፣ አባትሽ የቆጠሩትን ሰማሁ። ልከራከር አልችልም፤ ለምን እንደማልችልም ልነግርሽ አልችልም። ከልቤ አልወጣሽም። ይቅር በይኝ።»

እስቲ ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ከልቡ ካልወጣሁ ለምን ይሄዳል? የሚሄድ ከሆነ ለምን ከልቤ አልወጣሽም ይለኛል? ደብዳቤውን ሃምሳ ጊዜ ያህል አነበብኩት። ሰው ሲያነብ ይገባዋል ይባላል፤ እኔ ባነበብኩ ቁጥር ባሰብኝ። አንድ ቀን ተቆጥቼ ልቀደው እይዘዋለሁ፣ በማግስቱ ትራሴ ሥር አገኘዋለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ከረምኩ።

*

የንባብ ሳምንቱ ቅዳሜ ደረሰ። ከጉና ተራራ የሚነሳው ብርድ አዳራሹን ሞልቶታል፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰዉ ግን ጢም ብሏል። ታምራት ገባ። ከስቷል። መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር ነበር፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሱ፤ መካከሉ ላይ የውሃ ጠርሙስ።

«ደህና ነሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማይክሮፎኑን ወደ አፍዎ ጠጋ ያድርጉት» አልኩት። አዎ፣ በ«እርስዎ»። ይቆጨው!

የፊተኛው ረድፍ ላይ አባቱ አቶ ሞገስ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው። ከእሳቸው ቀጥሎ አንዲት ቆንጆ ሴት አለች፤ ገነት ትባላለች፣ መጽሐፉን ያሳተመችለት የአዲስ አበባ ሴት ናት። ሽቶዋ መድረክ ድረስ ይሸታል።

ታምራት ከመጽሐፉ አነበበ። ድምፁ ያው ነው። ያንን ድምፅ ስሰማ ያዘጋጀሁት ጥያቄ ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ፤ የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር።

«ደራሲ ታምራት» አልኩ፣ «በመጽሐፍዎ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ እውነቱን እያወቁ ዝም ይላሉ። ሰው ይሰቃያል፣ እነሱ ዝም። ይሄ ትዕግሥት ነው ወይስ ፈሪነት?»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ተማሪዎቼ ናቸው፤ ነገሩ ጥያቄ አለመሆኑ ገብቷቸዋል። ታምራት ግን አልሳቀም።

«አንዳንድ እውነት የተናጋሪው ብቻ አይደለም» አለ። «ብናገረው የምጎዳው እኔ ብሆን ኖሮ ዛሬውኑ በተናገርኩ። የሚጎዳው ሌላ ሰው ሲሆን ግን... የሚወዱትን ሰው አሳዝኖ የራስን ደስታ መውሰድ አልቻልኩበትም።»

ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ገነት ናት! ፈገግ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት። አሃ! አልኩ በሆዴ። ለካ እዚህ ነው ነገሩ! «የሚወዱት ሰው» ይቺ ናት! ሰባት ቤቱ ሰበብ ሆኖለት ነው! ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ቀጥሎ ምን እንደምል እግዜር ይወቀው፤ ብቻ ደህና ነገር አልነበረም። ደግነቱ በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ።

ማይክሮፎኑ ሞተ። ሰዉ ተንጫጫ። ከመስኮቱ የሚገባው የዝናብ ቀን ብርሃን ብቻ ቀረ።

«ያለ ማይክሮፎን እንቀጥላለን» ብዬ ጮህኩ። «ከታዳሚ ጥያቄ ያለው?»

አንድ ከዘራ ተነሳ። አቶ ሞገስ ናቸው።

*

ቀስ ብለው ቆሙ። ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «መጽሐፉንም አላነበብኩት። ጥያቄ ይቻላል ከተባለ ግን አንድ አለኝ።»

«ይቻላል፣ አባባ» አልኩ።

«መሪጌታ ዘውዱ አሉ እዚህ?»

አባቴ ከሦስተኛው ረድፍ «አለሁ» ብለው ተነሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሕዝብ መሀል ሊጣሉ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ታምራትም ከወንበሩ ብድግ ብሏል።

«ቆጠራዎ ልክ ነው፣ መሪጌታ» አሉ አቶ ሞገስ። «የእኔና የእርስዎ ቅድመ አያቶች ወንድማማቾች ናቸው። ግን እርስዎ የቆጠሩት የእኔን ነው። የልጁን አልቆጠሩም።»

«አባዬ!» አለ ታምራት። «አባዬ፣ ይቅር፣ ተው!»

«ዝም በል አንተ፣ ጥያቄ እየጠየቅሁ ነው» አሉት። «ይፋግ ለሰው ስሠራ ነው እናቱን ያገኘኋት። ባሏ ሲሳይ ካሳሁን ይባላል። ወታደር ሆኖ ሄደ፣ መርዶው መጣ። እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ ደግሞ... ይኸው ዛሬ በአፌ ልናገረው... ልጅ አይሰጠኝም። ሁለት ትዳር በዚሁ ፈርሶብኛል። አገባኋትና ይዣት ወደ ጋፋት መጣሁ። ልጁ የተወለደው እኔ ቤት ነው። እትብቱ የተቀበረው እኔ ጓሮ ነው። አገሩ ሁሉ ሞገስ ወለደ አለ። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ነቀዘ።»

ከዘራቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ።

«ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ዘመድ ነው ተባልን ሲሉኝ አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ ይፈታ ነበር። ይኸው ሦስት ሳምንት ዋጥኩት። ልጄ ሲከሳ እያየሁ ዋጥኩት። ለምን? ፈራኋ! ብነግረው ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ።» ወደ መድረኩ ቀና አሉ። «እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ደራሲው ይመልስልኝ። አባትህ ሌላ መሆኑን ዛሬ ሰማህ። ከዛሬ ወዲያ መጽሐፍህ ላይ የምትጽፈው የማንን ስም ነው?»

ታምራት ከመድረኩ ወረደ። ወረደ ስል እንደ ሰው በደረጃው አይደለም፣ ዘሎ ነው። አባቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባዬ፣ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ይፋግን። ሲሳይን። እናቴ ልትሞት ሰሞን ነግራኛለች። ሞገስ በሕይወት እያለ ከአፍህ እንዳይወጣ፣ ልቡ ይሰበራል ብላ አስምላኛለች። ስድስት ዓመት ሆነው።»

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። አንዴ ልጃቸውን ያያሉ፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሕዝቡን፤ ነገሩን የሚያስረዳቸው ሰው የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ስድስት ዓመት?» አሉ።

«አዎ።»

«ይሄንን መጽሐፍ መቼ ነው የጻፍከው?»

«ከዚያ በኋላ።»

«እና ታምራት ሞገስ ብለህ የጻፍከው...»

«አውቄ ነው፣ አባዬ። አውቄ ነው የጻፍኩት።»

አቶ ሞገስ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አደረጉና ጋቢያቸውን በላዩ ጣሉበት። ሁለቱም እዚያ ውስጥ ሆነው ሲያለቅሱ ትከሻቸው ብቻ ይታየን ነበር። ተማሪዎቼ፣ እነዚያ ለምንም ነገር የማይደነግጡ፣ አንገታቸውን ደፉ። ገነትም አለቀሰች፤ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰውዬ መሐረብ አቀበላት። ለካስ ባሏ ኖሯል። ሞት ይርሳኝ!

እኔስ? እኔ መድረኩ ላይ የሞተ ማይክሮፎን ይዤ ቆሜያለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስድብ ሳጠራቅም ከርሜ፣ አሁን የምወረውርበት ሰው አጣሁ። ታምራት ላይ እንዳልቆጣ፣ ለእናቱ መሐላ ሲል ነው። ሽማግሌው ላይ እንዳልቆጣ፣ ልጁን ላለማጣት ነው። ሟቿ ላይ እንዳልቆጣ፣ ነፍስ ይማር። አባቴስ? እሳቸው የቆጠሩት የተነገራቸውን ነው። ሁሉም ለሚወደው ሰው ሲል ዝም አለ፣ የከፈልኩት እኔ። ልሳቅ? ላልቅስ? ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኋቸው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አቶ ሞገስ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ እኔ ተጠጉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ያስለቀስኩሽ እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። ብትረግሚኝም ልክ ነሽ።» ምን ልርገም? እጃቸውን ሳምኩ። ታምራትን ግን ቀና ብዬ አላየሁትም። ብሸነፍስ!

*

በማግስቱ የመጽሐፉ አንድ ቅጂ በገነት እጅ ደረሰኝ። የመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ይላል።

ለረጅም ሰዓት ተመለከትኩት። እውነት፣ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ያሳደገኝን ሽማግሌ ልብ ሰብሬ ለፍቅሬ እሮጥ ነበር? ወይስ እንደሱ ፍቅሬን ጥዬ ቃሌን እጠብቅ ነበር? ከእኔ ይልቅ አባቱን መምረጡ ያቃጥለኛል። አባቱን እንዲያ የሚወድ ሰው ደግሞ ነገ እኔን አይጥለኝም ብዬ አስባለሁ። አንዱ ሐሳብ ሳይጨርስ ሌላው ይገባበታል። በመጨረሻ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁና «ቀድሜ እቆጣ ነበር» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ተመልሶ መጣ፦ «ከዚያስ?»

ለዚያኛው መልስ አልሰጠሁትም። ገና አልበረደልኝም።

አባቴ በበኩላቸው «ቆጠራዬ አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው መነሻው ነው» እያሉ ቤት ውስጥ ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ። ሰዉ ቆጠራቸውን እንዳይጠራጠር ፈርተዋል፣ አውቃለሁ። ብቻ ሐሙስ ሲነጋ ሳጣቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ በሚኒባስ ይፋግ ሄደው ኖሯል። ሁለት ቀን ቆዩ። የሲሳይ ካሳሁንን ዘመዶች ፈልገው፣ ሽማግሌ ጠይቀው፣ የመቃብር ስም አንብበው በሦስተኛው ቀን ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ተመለሱ። «እንዴት ሆነ?» ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። እሳቸውም አልነገሩኝም። እግራቸውን ሳጥባቸው ብቻ «የይፋግ ሰው ደግ ነው» አሉ። ይሄ መልስ ነው ወይስ ወሬ? ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ሽማግሌ ዳግመኛ ሊመጣ እንደሆነ ቅዳሜ ማታ ተሰማ፤ እሑድ ጠዋት ግቢውን ማን እንደጠረገው አትጠይቁኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ያው ሦስቱ ናቸው። በረንዳው ላይ ቆሙ። እኔም ጓዳዬ በር ኋላ ገባሁ፣ ያችው ቀዳዳ ላይ።

«የማን ልጅ ብላችሁ መጣችሁ?» አሉ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምን ይበሉ? በአዳራሹ የሆነውን ደብረ ታቦር ሁሉ ሰምቷል። የሲሳይ ልጅ ቢሉ ልጁን ያሳደጉትን አቶ ሞገስን መካድ ነው፤ ሞገስ ቢሉ አምስተኛው ቤት ላይ ቆጣሪው ፊት ራሳቸውን ማሰር ነው። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ በሩን በጥርሴ ልነክሰው ምንም አልቀረኝ።

በመጨረሻ አቶ ሞላ፣ የመጣው ይምጣ ብለው፣ «የአቶ ሞገስን ልጅ» አሉ።

የአባቴን አውራ ጣት አየሁት። የመጀመሪያው አንጓ ላይ አረፈ። ቆየ። ከዚያ እጃቸውን ገልብጠው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«ልክ ናችሁ» አሉ። «የአቶ ሞገስ ልጅ ነው። ደሙን ይፋግ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ፣ አንገናኝም። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

የወንበሮቹን መንኳኳት ሰማሁ። ጓዳው ወለል ላይ፣ ከበሩ ኋላ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።